አሥራ አራት እርምጃ

«እኔን በአልጋ እየገፋችሁ ወደ ውጭ አታወጡኝም! ማሽኑ እዚህ ይምጣልኝ!»

ይህን የሰማሁት ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ የሁለተኛውን አልጋ አንሶላ ስቀይር ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው፤ ሥራ ከተረከብኩ ግማሽ ሰዓት አልሞላኝም። ድምፁ ከኦክስጅን ጭምብል ሥር ስለሚወጣ የታፈነ ነው፤ እኔ ግን በእንቅልፌም ብሰማው አልስተውም። እሁድ እሁድ ከሽማግሌዎቹ ወንበር ተነስቶ የቤተ ክርስቲያናችንን ማስታወቂያ የሚያነብ፣ ሰኞ ሰኞ ደግሞ በየክፍላችን እየዞረ ወንበርና ጠረጴዛ የሚቆጥር ድምፅ ነው። የሆስፒታላችን የንብረት ክፍል ኃላፊ፣ አቶ ሲላስ። አንሶላውን እንደ ጨበጥኩ ቀረሁ። በአልጋ እየገፋችሁ አታወጡኝም ይላል! ወንድሜን በአልጋ እየገፋሁ ወደ ውጭ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ያስወጣኝ ደግሞ እሱ ነው።

መጋረጃውን ገለጥኩት። ሦስተኛው አልጋ ላይ በሁለት ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ትከሻው ከእያንዳንዱ ትንፋሽ ጋር ይነሳል ይወድቃል። ከአንገቱ የማይለየው ክራባት የለም። ያለ ክራባት አንገቱ እንዲህ ቀጭን መሆኑን አላውቅም ነበር። ሀደሮ ከተማ እህቱን ሊጠይቅ ሄዶ እዚያው ትኩሳት ጣለው፣ ጎህ ሲቀድ በአምቡላንስ አመጡት። በደሙ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው ሞኒተር ሰማንያ አራት ይላል፤ ከዘጠና በላይ መሆን የነበረበት ነው። የኦክስጅኑ ሲሊንደር ወደ ማለቁ ስለነበር ከጋዋኔ ኪስ መፍቻዬን አውጥቼ ሌላ ቀየርኩለት። መፍቻው ሁለት ስንዝር የሚሆን ከባድ ብረት ነው፤ ኪሴን ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ይጎትተዋል። አቶ ሲላስ አየኝ። ያወቀኝ አይመስለኝም፤ ያየው ነጩን ጋዋን ነው።

ዶክተር ፍሬው ከመጣ ገና ሦስት ወሩ ነው። የሰውየውን ጀርባ በጣቱ መታ መታ አድርጎ አዳመጠና ወደ ጎን ወሰደኝ። «በግራ በኩል አየር አይሰማኝም፣ ሲስተር። ውሃ ቋጥሮ ከሆነ ቱቦ አስገብቼ አወጣዋለሁ። ሳንባው ራሱ በኢንፌክሽኑ ጠጥሮ ከሆነ ግን በመርፌ ብወጋው ልገድለው እችላለሁ። ሳላይ አልነካውም» አለኝ። ራጅ ክፍሉ ከግቢው ወዲያኛው ጫፍ ነው፤ እዚያ ድረስ ቢገፋ አይተርፍም። ተንቀሳቃሹ ራጅ ከተበላሸ ዓመት አልፎታል። የቀረችው አልትራሳውንዷ ናት። ከላፕቶፕ ብዙም አትበልጥም። አልጋው ድረስ ትመጣለች፣ ጫፏ ጎድንና ጎድን መካከል ያርፋል፣ ውሃ ካለ በስክሪኑ ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል። አምስት ደቂቃ ነው፤ በሽተኛው ከቦታው አይነቃነቅም። ለጽኑ ሕሙማን ክፍላችን ተብላ በእርዳታ የመጣች ናት፣ የምትቀመጠውም እዚሁ ክፍላችን ጥግ ባለው የብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ከሦስተኛው አልጋ አሥራ አራት እርምጃ። ቆጥሬዋለሁ።

የመጣች ሰሞን አንድ ሐኪም አጋጭቷት ጠርዟ ሲጫር አቶ ሲላስ ከገበያ ጓጉንቸር ገዝቶ ቆለፈባት። አንዷን ቁልፍ ከራሱ ቁልፎች ጋር አሰራት፤ ሌላ ቁልፍ የለም። በሩ ላይም በፕላስተር ማስታወቂያ ለጠፈ፦ «ይህ ንብረት ያለ መጠየቂያ ቅጽና ያለ ንብረት ክፍል ኃላፊ ፊርማ አይወጣም። ያለ ሦስት አባላት ኮሚቴ ቃለ ጉባዔ ቁልፉን የሰበረ በሕግ ይጠየቃል።» ፊርማ፣ ማህተም፣ ቀን። ሁላችንም ስናልፍ ስናገድም አነበብነው። ማንም ምንም አላለም። እኛ ሆስፒታል ሰው ቢሞት ሰው ሞተ ነው የሚባለው፤ ንብረት ከጠፋ ግን ደመወዝ ይቆረጣል፣ ዕድገት ይቀራል፣ ስም በየስብሰባው ይነሳል።

ወንድሜ ዕንባቆም ፎንቆ ከተማ አስተማሪ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመቱ። ዓምና ግንቦት ላይ በዚሁ በሽታ ታሞ እዚሁ ሦስተኛው አልጋ ላይ ተኛ። የዚያን ጊዜው ሐኪም ማሽኗን ጠየቀ፤ ቁልፉ ከአቶ ሲላስ ጋር ዳምቦያ ከተማ ሠርግ ሄዷል። ደወልኩለት። «እየመጣሁ ነው፤ እንዳትነኩት» አለኝ። አርባ ደቂቃ ቁም ሳጥኑ ፊት ቆሜ ጠበቅሁት። ሐኪሙ ተስፋ ቆርጦ ወደ ራጅ ይወሰድ ሲል አልጋውን ገፋሁ። ከግቢው መሐል፣ ከካፍቴሪያው ፊት ለፊት ሲሊንደሩ አለቀ። «ሐዱ፣ ሰማዩ ደመና ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲያ አልተናገረም። በማግስቱ አቶ ሲላስ የጻፈው ሪፖርት ግልባጭ ደርሶኛል፤ በቃሌ እወጣዋለሁ። «ታካሚው ሕይወቱ አልፏል። መሣሪያው በተቆለፈበት ቦታ ያለ አንዳች ጉዳት ይገኛል።» ለእኔ፣ በቂ ኦክስጅን ሳትይዢ በሽተኛ አንቀሳቅሰሻል ተብሎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። እሱ ለቅሶ መጣ፤ ድንኳኑ ውስጥ እናቴ አጠገብ ተቀምጦ የጌታ ፈቃድ ነው አላት። ሰዉ ከተበተነ በኋላ ለእናቴ ቁልፉ ዳምቦያ እንደነበረ ነገርኳት። ሌላውን አልነገርኳትም። ከዚያ ወዲህ ሁለታችን አንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል ተነጋግረን አናውቅም።

እናም ዶክተር ፍሬው ቁልፉን ሲጠይቅ፣ የአቶ ሲላስ ሚስት ወይዘሮ ሂሩት ቦርሳዋን ሁለቴ በረበረችና ደረቷን መታች። ቁልፉ ኮቱ ኪስ ውስጥ ነው፤ ኮቱ ሀደሮ እህቱ ቤት ቀርቷል። ሳቄ መጣ፤ አንገቴን ደፍቼ አሳለፍኩት። ለእህቱ ደወለች፤ ቁልፉን በሚኒባስ ሹፌር እጅ ይልኩታል፣ መኪናው ሲሞላ ይነሳል ተባለች።

«ስበሩት» አለ አቶ ሲላስ ከጭምብሉ ሥር።

ወደ ቁም ሳጥኑ ሄድኩ። ማስታወቂያውን ከነፕላስተሩ ላጥኩትና አመጣሁለት፤ እንዲያየው ከፊቱ ዘርግቼ ይዤ፣ እሱ እሁድ እንደሚያነበው ጎላ አድርጌ አነበብኩለት። «ያለ ኮሚቴ ቃለ ጉባዔ አይሰበርም፣ አቶ ሲላስ። ፊርማው የእርስዎ ነው» አልኩት።

ያን ጊዜ አወቀኝ። ዓይኑ ከወረቀቱ ወደ እኔ ሲመጣ አየሁት። ዶክተር ፍሬው ግራ ተጋብቶ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን ያያል። «አንቺ ታውቂያለሽ፣ ሲስተር፤ አሠራሩ እንደዚያ ከሆነ ቶሎ ጨርሺው» አለኝና ወደ አራተኛው አልጋ ተጠራ። እሱም ሠራተኛ ነው፤ እሱም ደመወዙን ይፈራል። አልፈርድበትም።

ጨረስኩት፤ ቶሎ ግን አይደለም። መጠየቂያ ቅጹን በሁለት ኮፒ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ሞላሁ። መዝገብ ቤት ወሰድኩት፤ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ጥላዬ ሻዩን አስቀምጦ ተቀበለኝ። ስለ ቲማቲም ዋጋ አወራን፤ ኪሎው ስንት እንደገባ፣ ባለፈው ሳምንት ስንት እንደነበረ። የቤት ኪራይ ጨምረውበታል፤ አከራዩ ጣሪያው እያፈሰሰ ጨምሩ ማለቱ ነው ያናደደው። «ዛሬ ብቻ እንኳ የመዝገብ ቁጥሩ ይቅርና ይዘሽው ሂጂ» ቢለኝ እምቢ አልኩት። ቁጥር ይሰጠው አልኩ። ቁጥር ሰጠው። ከዚያ ሜዲካል ዳይሬክተሩ ጸሐፊ ዘንድ፣ ከጸሐፊዋ ማህተም ያዥዋ ዘንድ፣ ከማህተም ያዥዋ ለኮሚቴው አባላት። አንዱ ስብሰባ ላይ ነው፤ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። ሁለተኛዋ ላብራቶሪ ውስጥ ናት፤ እጇን እስክትታጠብ ጠበቅኋት። በየኮሪደሩ ዝናብ ያመጣው ጭቃ አለ፤ እንዳያዳልጠኝ ቀስ ብዬ ተራመድኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን አልዋሽም። አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ እንደዚያ ቀን ቀለል ብሎኝ ተራምጄ አላውቅም። ሦስተኛው አባል ማን ነው ብዬ ስጠይቅ የላብራቶሪዋ ሴት ሳቀች። የንብረት ክፍል ኃላፊው ራሱ ነው፤ ሰብሳቢም ነው።

ስመለስ ወይዘሮ ሂሩት ከክፍሉ በር ላይ ካለው የፕላስቲክ ወንበር ተነሳች። የብርቱካን ፌስታል ታቅፋለች፤ ማን እንዲበላው እንደገዛችው እንጃ። ሐኪሙ ቱቦ ከውጭ ፋርማሲ አስገዝቷት ነበር፤ እሱንም ከነማሸጊያው ከብርቱካኑ ጋር ይዛዋለች።

«የመምህር ዕንባቆም እህት ነሽ አይደል?» አለችኝ።

ነኝ አልኳት። የሚያጽናና ነገር ልትል ነው ብዬ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅኋት።

«ስልክ ስትደውዪለት አጠገቡ ነበርኩ» አለች። «ተነስ፣ እንሂድ፣ ሰው ታሟል አልኩት። ኬኩ ይቆረስና አለኝ። የእህቱ ልጅ ሠርግ ስለነበረ ቅር እንዳይላቸው ብሎ ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ የኔ ልጅ። ይቅር በይን።»

አርባ ደቂቃ ቁም ሳጥን ፊት ቆሜ የጠበቅሁት ኬክ እስኪቆረስ ኖሯል። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ለምሳ ወጣሁ። ሦስተኛው አባል ይፈርም ዘንድ ከምሳ በኋላ አመጣለታለሁ አልኩ በልቤ። ደንቡ የምሳ ሰዓት ያከብራል።

እናቴ የግቢው በር ላይ እየጠበቀችኝ ነበር። ምሳዬን በሣህን ቋጥራ ይዛ ከሰፈር በእግሯ መምጣቷ አዲስ አይደለም፤ ነጠላዋ በካፊያው ረጥቧል። ከጥበቃው ቤት ጎን ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ቋጠሮውን ፈታች፣ ማንኪያውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ቀና ሳትል፣ በሀዲይኛ፣ ሲላስ እዚህ ተኝቷል አሉ አለችኝ። ገበያ ሰምታለች። አዎ አልኳት። ማሽኑስ? አለች። ተቆልፏል፣ ቁልፉ ሀደሮ ነው አልኳት።

እናቴ ማንኪያውን አስቀመጠችው። «ረቡዕ ረቡዕ ጸሎት ስንንበረከክ ምን እንደምለምን አታውቂም» አለችኝ። «ሌሎቹ ለዝናብ፣ ለልጆቻቸው ይጸልያሉ። እኔ ለእሱ ነው። እንደ ልጄ ታፍኖ፣ ቁልፍ ተቆልፎበት እንዲሞት ነው የምለምነው። እሱ ፊት ለፊቴ ተንበርክኮ እያየሁት። ይኸው ሰማኝ። ቁልፉን ሀደሮ ያስቀረው ጌታ ነው።» ይህን ስትል ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። ሰው ስለ አዝመራ እንደሚያወራው አወራችኝ። ቁልፉን ሀደሮ ያስቀረው ጌታ ሊሆን ይችላል፤ ከጠዋት ጀምሮ ቃለ ጉባዔ ሳስፈርም የዋልኩት ግን እኔ ነኝ።

ስገባ ሞኒተሩ ሰባ አንድ ይላል። ሚኒባሱ ገና መንገድ ላይ፣ ዱራሜ ነው ተባለ። ዶክተር ፍሬው ላብ አጥምቆት መርፌውን ይዞ ቆሟል፤ ያነሳዋል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል። ወረቀቱን ዘርግቼ እስክሪብቶ አቶ ሲላስ ጣቶች መካከል አስገባሁ። ዓይኑ እየተገለበጠ ነው። ሆኖም እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ ከማሳረፉ በፊት፣ ማን ያምናል፣ ከላይ ጀምሮ ሊያነበው ሞከረ። ከዚያ በጣቱ አንድ ቦታ ነካ ነካ አደረገ፤ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ቀን… አልተጻፈበትም» አለኝ።

እስክሪብቶው ከእጁ ወጥቶ ወለሉ ላይ ወደቀ።

አላዘንኩለትም። ይህን ማንም እንዳይሳሳት። ያሰብኩት ሌላ ነው። አሁን ቢሞት ልክ ነኝ እንዳለ ይሞታል። ሽማግሌዎቹ ታማኝ አገልጋይ ነበር ብለው ታሪኩን ያነባሉ፣ እኔም ድንኳን ሄጄ ሚስቱ አጠገብ ተቀምጬ የጌታ ፈቃድ ነው እላለሁ፣ እሱ ግን ምንም ሳያውቅ ያመልጠኛል። ሞት አነሰው። ዓይኑን ገልጦ የሚያየኝ፣ የሰበርኩትን ነገር ፊቱ የማኖርለት ሰው አስፈለገኝ። መፍቻውን ከኪሴ አወጣሁና ሄድኩ። አሥራ አራት እርምጃ። አንዴ መታሁት። ሁለተኛ መታሁት። ጓጉንቸሩ አፉን ከፍቶ ተንጠለጠለ። ለሦስተኛው ያነሳሁት እጄ አየር ላይ ቀረ።

ሁለት ምት! ከአንድ ዓመት በፊት እዚሁ ወለል ላይ፣ ይህንኑ መፍቻ ይዤ አርባ ደቂቃ ቆሜያለሁ። በጋዋኔ ላይ እየዳበስኩት ቆሜያለሁ። ብሰብረው ምን ይሉኛል፣ ማሽኗ ብትጎዳ ከየት እከፍላለሁ እያልኩ ማስታወቂያውን ደጋግሜ አንብቤያለሁ። ዶክተር ፍሬው ስሜን ባይጠራ እዚያው እቀር ነበር። ማሽኗን ታቅፌ ሮጥኩ። ዶክተሩ ጫፏን ግራ ጎኑ ላይ አሳረፈው፤ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ፤ ውሃ ነው፣ ብዙ ውሃ፤ ትንሿ ሳንባ መሐሉ ላይ ተኮማትራ ትዋኛለች። ቱቦው ሲገባ ድፍርስ ቢጫ ውሃ ጠርሙሱን ሞላው፣ ሁለተኛውንም ገመሰው። ሰባ አምስት። ሰማንያ ሦስት። ዘጠና አንድ። ወይዘሮ ሂሩት በሩ ላይ ተንበረከከች። ሁሉም ነገር፣ ከመጀመሪያው ምት እስከ ዘጠና አንዱ፣ ሃያ ደቂቃ አልፈጀም።

ቁልፉ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰ። ሹፌሩ በር ላይ ለጥበቃው ሰጥቶት ሄደ።

አሥር ሰዓት ላይ አቶ ሲላስ ዓይኑን ሲገልጥ ጓጉንቸሩ ራስጌው ካለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ፣ ከውሃ ብርጭቆው ጎን ነበር። እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት። ረጅም ጊዜ አየው።

«ማን ሰበረው?» አለ። መጀመሪያ የወጣችው ቃል ይህች ናት።

«እኔ ነኝ፣ አቶ ሲላስ። ሪፖርቱንም ጽፌዋለሁ፤ ቀንም አለበት። ላንብብልዎ? ‹ታካሚው በሕይወት ይገኛል። ጓጉንቸሩ ከጥቅም ውጭ ሆኗል።›»

ቃላቱን አወቃቸው፤ የራሱ ናቸው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቱቦው ስለያዘው ከዚያ በላይ መሄድ አይችልም። ጓጉንቸሩን አንስቼ በግድግዳው በኩል፣ መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ከዓይኑ ትይዩ አስቀመጥኩለት። እስኪወጣ ድረስ ማንም እንዳያነሳው ለተረካቢዋ ነገርኳት። በርክክብ ደብተሩም ላይ ጻፍኩት።

ቤት ስደርስ ገና አልጨለመም። እናቴ በር ላይ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥሳለች። ጎኗ ተቀመጥኩ።

«ሞተ?» አለችኝ።

«ዳነ።»

እጇ አላቆመም። ቅጠሉን ከእንጨቱ እየለየች ሣህኑ ላይ ትጥላለች። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቁልፉ ደረሰ ወይ አለችኝ። ሳይደርስ ጓጉንቸሩን ሰበርኩት አልኳት። በምን አለች። መፍቻው ከጋዋኔ ጋር ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ አወጣሁና ጎመኑ አጠገብ አስቀመጥኩት። ምን እንዳስወጣኝ አላውቅም። ምናልባት ከዚያ በላይ ብቻዬን ልሸከመው አልቻልኩም።

እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ አነሳችው። ክብደቱን በመዳፏ መዘነች።

«ከየት አመጣሽው?»

«የሲሊንደር መፍቻ ነው፣ እማዬ። ለሥራ ነው። ሁልጊዜ ኪሴ ውስጥ ነው።»

«በስንት ሰበርሽው?»

«በሁለት ምት።»

መንገዱ ላይ ባጃጅ አለፈ። ጎረቤት ልጆቿን እየጠራች ነው። እናቴ መፍቻውን አላስቀመጠችውም። ዓይኗ ብረቱ ላይ ነበር፤ ከዚያ ቀስ ብላ ወደ እኔ አነሳችው።

«ሁልጊዜ?» አለችኝ።